ከረሜላው ሲያልቅ፦ ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት በሽልማት ለማንቀሳቀስ የሚሰጠው ምክር ሲመዘን

የአካል እንቅስቃሴ ለሕፃናት እድገትና ጤንነት አስፈላጊ መሆኑ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የአካል ወይም የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆችም ከዚህ ምክር ውጭ እንዳልሆኑ ለብቻው ገልጿል። አከራካሪው ጥያቄ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ወደዚህ እንቅስቃሴ እንዴት ማምጣት ይቻላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በብዛት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሸልሙት፣ ኮከብ ለጥፉለት፣ ኮከቡ ሲሞላ የሚወደውን ስጡት የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ምክር መመዘን ነው። ምክሩ የተነሣበትን ሳይንሳዊ መሠረት ከመረመረ በኋላ፣ በመርካቶ አንዋር መስጊድ ሰፈር ለሚኖር አንድ ቤተሰብ ቢሰጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ያያል። ሰፈሩ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጽሑፍ ላይ ያማረ ምክር ሁሉ በመጨረሻ ተግባራዊ የሚሆነው በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥና በአንድ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ነውና።

የጉዳዩ ክብደት

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ያነሰ እንቅስቃሴ እንደሚያደርጉ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ የሚያሳስበው ስለ ውፍረትና ስለ ልብ ጤንነት ብቻ አይደለም። ኬርንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ልጆቹ ያለማቋረጥ ለ15 ደቂቃ ሶምሶማ ከሮጡ በኋላ እጅን እንደ ማርገብገብና ሰውነትን እንደ ማወዛወዝ ያለው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴያቸው ቀንሶ ታይቷል። ለዚያው ያህል ጊዜ በዝግታ ኳስ መጫወታቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። በኢራን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናትም 30 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንደኛው ቡድን ለ14 ሳምንታት የካራቴ ካታ ሲሠለጥን ተደጋጋሚ እንቅስቃሴው ጉልህ በሆነ ሁኔታ መቀነሱን አመልክቷል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሆኖም አቅጣጫቸው ተመሳሳይ ነው። ልጁ ቢንቀሳቀስ ይጠቀማል። ስለዚህ የማንቀሳቀሻው ዘዴ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑ እንደ ትርፍ ጉዳይ የሚታይ አይሆንም።

የምክሩ ምንጭ

በሽልማት ማስተማር በመሠረቱ አዲስ ነገር አይደለም። «መጀመሪያ ምሳህን ብላ፤ ከዚያ ትጫወታለህ» ያላለች እናት ወይም አያት አትገኝም። ይህን የቤት ውስጥ ጥበብ ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ናቸው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ድርጊት ደስ የሚያሰኝ ውጤት ሲከተለው እንደሚደጋገም በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ አሳዩ። ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ግለሰብ አዘውትሮ የሚያደርገው ድርጊት ራሱ እምብዛም ለማያደርገው ድርጊት ሽልማት ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። አይሎንና አዝሪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ታካሚዎች ላከናወኑት ሥራ ምልክት እየተቀበሉ በምልክቱ የሚፈልጉትን ነገር የሚለውጡበትን ሥርዓት ገለጹ። ዛሬ በየግድግዳው የሚለጠፈው የኮከብ ሰንጠረዥ የዚያ ሥርዓት ተወላጅ ነው።

ዘዴውን ከኦቲዝም ጋር ያቆራኙት በይበልጥ አይቫር ሎቫስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት የተጠናከረ ሥልጠና ከተሰጣቸው 19 ሕፃናት መካከል 9ኙ በአእምሮ ብቃት መለኪያና በትምህርት ቤት ውሎ ከእኩዮቻቸው ጋር እንደተስተካከሉ አስታወቁ። ይህ ውጤት በዓለም ዙሪያ ብዙ ተስፋ ፈጠረ። ነገር ግን ሕፃናቱ ወደ ሥልጠናውና ወደ ማወዳደሪያው ቡድን የተመደቡት በዕጣ አልነበረም። ሥልጠናውም ሽልማት ብቻ አልነበረበትም፤ ቁጣና ጭን ላይ መምታትን ይጨምር ነበር። ሎቫስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ንዝረት በቅጣትነት ተጠቅመዋል። ይህ ታሪክ የሚነሣው የዛሬውን ሽልማት ሰጪ ወላጅ ለመክሰስ አይደለም። ልጁን ከውጭ በሚመጣ ነገር ብቻ የሚገፋ ዘዴ «ልጁ ራሱ ምን ይሰማዋል?» የሚለውን ጥያቄ በቀላሉ ሊረሳ እንደሚችል ስለሚያስገነዝብ ነው።

ከበረዶው ሜዳ የተገኘው ውጤት

ሽልማትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ኦቲዝምን በአንድነት ከመረመሩት ሥራዎች መካከል የካናዳዎቹ ተመራማሪዎች የቶድና የሪድ ጥናት በይበልጥ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ይህ ጥናት ከባድ ኦቲዝም ያለባቸውን ሦስት ወጣቶች ለስድስት ወራት ያህል ተከታትሏል። ወጣቶቹ በበረዶ መረማመጃ ጫማ በበረዶ ላይ ይጓዙ፣ በረዶው በሌለበት ጊዜም ይራመዱና ሶምሶማ ይሮጡ ነበር። ማበረታቻዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የተጓዙትን ዙር ራሳቸው የሚያመለክቱበት ሰሌዳ፣ የአሠልጣኙ የቃል ማሳሰቢያና የሚበላ ሽልማት። የጥናቱ ዋና ፍሬ ነገር ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። የሚበላው ሽልማት እየተቀነሰ ሄዶ ሲቀር፣ የቃል ማሳሰቢያውም ሲያንስ፣ ሦስቱም ወጣቶች የሚጓዙት ርቀት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ይህ ሥራ በጥንቃቄ ሲነበብ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ሽልማቱ ለማስጀመሪያ የተበጀ ምርኩዝ እንደነበረና ምርኩዙ የሚነሣበት ጊዜ ከመጀመሪያው ታስቦ እንደነበረ ነው። ሁለተኛ፣ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ወጣቱ የራሱን ሥራ በራሱ ዓይን የሚያይበት ሰሌዳ እንጂ የሚቀመሰው ነገር አልነበረም። ጥናቱ ድክመት አለው። የሦስት ሰዎች ጥናት ለሁሉም ሕግ አያወጣም፤ ተሳታፊዎቹም ታዳጊዎችና ወጣቶች እንጂ ትንንሽ ሕፃናት አልነበሩም።

ወደ ቤተሰብ የሚደርሰው አጭር ምክር ግን እነዚህን ሁለት ቁም ነገሮች ጥሎ ይመጣል። «ስትሮጥ ከረሜላ ስጧት» ይላል፤ ከረሜላው መቼና እንዴት እንደሚቀር አይናገርም። የአንድ መድኃኒት መጠን ተነግሮ የሚቆምበት ጊዜ ሳይነገር ቢቀር ማንም ሐኪም ጉድለቱን ወዲያውኑ ይረዳል። ሽልማትም ጅማሬ፣ መጠንና ማብቂያ ያለው ሕክምና መሆኑ ሲዘነጋ፣ ምክሩ ከተነሣበት ጥናት ጋር ያለው ዝምድና በስም ብቻ ይቀራል።

ምክሩ አንዋር መስጊድ ሰፈር ሲደርስ

አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት፣ በከተማይቱ እጅግ ከተጨናነቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ላይ ከየአቅጣጫው ወደ መርካቶ የሚጎርፈው ገበያተኛ ይጨመራል። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባለው መንገድ ላይ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል፤ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጋሪው በእግረኛው መካከል ይገፋል። ዐርብ የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ሰጋጁ ከመስጊዱ ቅጥር አልፎ በመንገዱ ላይ ይደረደራል። ቤቶቹ ጠባብ፣ ግድግዳቸው ተያያዥ፣ ደጃቸው መተላለፊያ ነው።

በዚህ ሰፈር የሚኖር፣ ኦቲዝም ያለበት፣ ብዙም የማይናገር የ8 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ከቤት አይወጣም፤ ሊያወጡት ሲሞክሩ ጆሮውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ክሊኒክ የደረሰችው እናት «እንዲንቀሳቀስ ሸልሚው» ተብላ ተመለሰች ይባል። ምክሩ ልጁ ያጣው ፍላጎት ነው ብሎ ደምድሟል። እውነተኛው መሰናክል ግን ቢያንስ ከሦስት አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ድምፅና ግፊያ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ለድምፅ፣ ለመነካትና ለብርሃን ከሌላው ሰው የተለየ ስሜት አላቸው። ለሌላው የዘወትር የሆነው የመኪና ጥሩምባና የሻጭ ጩኸት ለእነርሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመም ወዳለበት ስፍራ እንዲሄድ ልጅን በከረሜላ ማባበል ደግሞ የተሰበረ እግር ያለውን ልጅ በከረሜላ እንደ ማስኬድ ይቆጠራል። ቢሄድም እንኳ መሰናክሉ አልተወገደም፤ ሕመሙን እንዲደብቅ ብቻ ተማረ።

ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ፣ ከ11,000 በላይ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ወላጆች በሞሉት መጠይቅ መሠረት ከልጆቹ 87 በመቶ ያህሉ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል አሳይቷል። ኳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ኳስ የማይጫወተው ስለማይፈልግ ላይሆን ይችላል። ሽልማት የሚያውቀውን እንዲደጋግም ያግዘዋል፤ የማያውቀውን ግን አያስተምረውም። ለማይችለው ነገር በየቀኑ ሽልማት እየታየው በየቀኑ የሚያጣ ልጅ ያለ ቅጣት እየተቀጣ ነው።

ሦስተኛው የቤተሰቡ መሸማቀቅ ነው። በአዲስ አበባ በሚገኙ ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑትም የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ እንደሚጥሩ አመልክቷል። ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ሰፈር የልጁ ጩኸት የጎረቤት ወሬ ነው። በአደባባይ መሬት ላይ ሲንከባለል «ምን ነክቶት ነው?» የሚለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከቤት ያልወጣው ልጁ ብቻ ላይሆን ይችላል። እናቲቱም አልወጣችም። የኮከቡ ሰንጠረዥ ግን ስለ እርሷ የሚለው ነገር የለውም።

ከረሜላና ሪስፐሪዶን

ሐኪሞችን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። ከኦቲዝም ጋር ለሚታይ ከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋነኛው ሪስፐሪዶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው ታዋቂ ጥናት 101 ልጆችን ለ8 ሳምንታት የተከታተለ ሲሆን፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች ክብደት በአማካይ 2.7 ኪሎ ግራም ሲጨምር፣ ማስመሰያ ክኒን የወሰዱት የጨመሩት 0.8 ኪሎ ግራም ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። ይህን መድኃኒት የሚወስድን ልጅ እንዲሮጥ ብሎ በከረሜላ፣ በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ መሸለም በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው እጅ መንጠቅ ነው።

የጥርስም ጉዳይ አለ። አፉን ለመንካት በማይፈቅድ ልጅ ላይ ጥርስ መቦረሽ እንኳ የዕለት ትግል ነው፤ የተበላሸ ጥርስ ማከም ደግሞ ሙሉ ማደንዘዣ እስከ መጠየቅ ሊደርስ ይችላል። በምግብ ምርጫቸው እጅግ ጠባብ የሆኑ ልጆች መኖራቸው ሲታሰብ፣ ጣፋጭን የዕለት ተዕለት ክፍያ ማድረግ ያችኑ ጠባብ ምርጫ ይበልጥ ያጠብባታል። የሚበላ ሽልማት የግድ ቢያስፈልግ መጠኑ እንደ ጥፍር ያነሰ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ የሚተካውም ከመጀመሪያው የታወቀ ሊሆን ይገባል። የልጁም ክብደት በየክትትሉ መመዝገብ አለበት።

ሽልማት የሚጎዳበትና የማይጎዳበት ጊዜ

ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን ይገድላል የሚለው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው የሌፐር፣ የግሪንና የኒስቤት ጥናት ላይ ይመሠረታል። ተመራማሪዎቹ በቀለም መሳል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው፣ ለአንዱ ቡድን ከሣለ ሽልማት እንደሚያገኝ አስቀድመው ነገሩት። ከሽልማቱ በኋላ እነዚህ ሕፃናት በገዛ ፈቃዳቸው በመሳል የሚያሳልፉት ጊዜ ከሌሎቹ አንጻር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ዴሲና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 የ128 ሙከራዎችን ውጤት አሰባስበው፣ አስቀድሞ ቃል የተገባ የሚጨበጥ ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን እንደሚያዳክም ደመደሙ።

ይሁንና ይህ ማስረጃ ከልኩ በላይ መለጠጥ የለበትም። የ1973ቱ ጥናት ያሳየው ቀድሞ በሚወደድ ነገር ላይ የተጨመረ ሽልማት የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ለጭራሹ የማይሞከር ነገር የሚሰጥ ሽልማት ሊገድለው የሚችል ፍላጎት ገና የለም። በተጨማሪም ሙከራዎቹ በአመዛኙ የተካሄዱት ኦቲዝም በሌለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ መካከለኛ ቢሆንም ለሥራ ይጠቅማል። ልጁ ጭራሽ ለማይነካው እንቅስቃሴ ሽልማት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በራሱ ለሚወደው እንቅስቃሴ ግን ሽልማት መጨመር ጉዳት ነው።

ይህ ልዩነት በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። በአልጋ ላይ የሚዘል፣ በክፍሉ መካከል የሚሽከረከር፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለስ ልጅ «አይንቀሳቀስም» ተብሎ ወደ ክሊኒክ ይመጣል። እንዲያውም በቤት ውስጥ «አርፈህ ተቀመጥ» እየተባለ ጸጥ ሲል ይሸለማል፤ ከዚያ ደግሞ በሰንጠረዥ እንዲዘል ይሸለማል። ልጁ መንቀሳቀስ ይወድ ነበር፤ የሚወደው እንቅስቃሴ ግን የታዘዘለት ዓይነት አልነበረም። እንዲህ ላለው ልጅ ከሽልማት በፊት የሚያስፈልገው የመዝለያና የመሽከርከሪያ ቦታና ፈቃድ ነው።

እምቢታ እንደ ንግግር

ከኦቲዝም ጋር የሚኖሩ ዐዋቂዎች በሽልማት ዘዴ ላይ የሚያነሡት ትችት ከሐኪሞች ዘንድ ተገቢውን ጆሮ አላገኘም። ከእነርሱ አንዷ የሆኑት ካናዳዊቷ ሚሼል ዶውሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ የሎቫስንና የተከታዮቻቸውን ሥራ ከሥነ ምግባር አንጻር አጥብቀው ተችተዋል። በዚህ ወገን በተደጋጋሚ የሚሰማው ቅሬታ፣ ለመታዘዝ ብቻ የሚሸለም ልጅ የራሱን ስሜት ማመን ያቆማል፤ እምቢ ማለት በሚገባውም ጊዜ እምቢ ማለት አይማርም የሚል ነው። ለማይናገር ልጅ ደጃፉ ላይ መቀመጥ ከጥቂት ንግግሮቹ አንዱ ነው። ንግግሩን በከረሜላ ከመዝጋት በፊት ትርጉሙን መጠየቅ ይቀድማል።

በሌላ በኩል የወላጆች መልስም ክብደት አለው። እናት ፍልስፍናው እስኪጠራ ድረስ ልጇን በቤት ዘግታ ልትጠብቅ አትችልም። መንገድ መሻገርን ያልለመደ ልጅ አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ቢገኝ በመርካቶ የጭነት መኪና መካከል የሚገጥመው አደጋ ትክክለኛ አደጋ ነው። ሽልማት ይህን ትምህርት ካስጀመረ ሽልማቱን ማውገዝ ከምቹ ወንበር ላይ የሚሰነዘር ፍርድ ይሆናል። በመሆኑም ክርክሩ መዞር ያለበት በመሸለምና ባለመሸለም ላይ ሳይሆን፣ ሽልማቱ ምንድን ነው፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ለማንስ ይሰጣል በሚሉት ላይ ነው።

ሽልማቱ በመንገዱ መጨረሻ

የፕሪማክ ሐሳብ ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ ሰፈር የሚስማማውም በዚህ ነው። ሽልማቱ ከውጭ የሚመጣ ክፍያ መሆኑ ቀርቶ ልጁ የሚወደው ነገር ራሱ የእግር ጉዞው መድረሻ ሊሆን ይችላል። የሚሽከረከር ነገር ማየት የሚወድ ልጅ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ቢወሰድ የስፌት መኪናው መዘውር ሲዞር ያያል። ቀለም የሚማርከው ልጅ የተደረደረውን የጨርቅ ጣቃ ሊያይ ይሄዳል። ዛሬ እስከ ሁለተኛው ሱቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ መታጠፊያው እየተባለ መንገዱ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ሽልማት ጥርስ አይጎዳም፤ ክብደት አይጨምርም፤ ልጁ መሄዱን እስካላቆመ ድረስም አያልቅበትም።

ጊዜና ቦታ መምረጥም ከሽልማት ይቀድማል። እሁድ ጠዋት የግብይቱ ግርግር ከሌላው ቀን ስለሚቀንስ ለመጀመሪያው ጉዞ ይመቻል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው መርሐ ግብር በተመረጡ እሁዶች አንዳንድ የከተማይቱን አውራ መንገዶች ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛ በመክፈት፣ መንገድ ራሱ የመጫወቻ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቋሚ ሥርዓት ይወዳል። በአንዋር መስጊድ ሰፈር በቀን አምስት ጊዜ የሚሰማው አዛን ለማንኛውም ሰንጠረዥ የሚበልጥ ሰዓት ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ሁልጊዜ ጉዞ እንዳለ የለመደ ልጅ ጫማውን ራሱ ሊያመጣ ይችላል። የድምፅ ማጉያው የሚያስጨንቀው ልጅ ከሆነ ደግሞ ጉዞው አዛኑ ከሚሰማበት ጊዜ ርቆ ይደረጋል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጨዋታም ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም። መሬት ላይ በጠመኔ የሚሠመረው ሰኞ ማክሰኞ ግልጽ መሥመር፣ የታወቀ ቅደም ተከተልና ፍጻሜ ያለው ጨዋታ ነው፤ ንግግርም ብዙ አይጠይቅም። በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ይበቃል። ተራን መጠበቅ የሚከብደው ልጅ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር ሊጫወተው ይችላል። የቶድና የሪድ ሰሌዳም በቀላሉ ይተካል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቆርኪ ወደ ጣሳ መጣል በቂ ነው። ቆርኪው ልጁ የሠራውን የሚያይበትና የሚሰማበት መቁጠሪያ እንጂ በከረሜላ የሚመነዘር ገንዘብ መሆን የለበትም።

የቃል ማበረታቻም የራሱ ወግ አለው። «እደግ!» የሚለው ምርቃት በአማርኛ ተናጋሪው ቤት ልጅ ለታዘዘበት ለማንኛውም ነገር የሚሰጥ ጥንታዊ ሽልማት ነው። ቢሆንም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጮክ ያለ ምስጋናና ጭብጨባ ሊያስደነግጠው ይችላልና ቃሉ ዝግ ብሎ፣ አጭር ሆኖ፣ ከተሠራው ሥራ ጋር ተያይዞ መነገር ይኖርበታል።

የሚሸለመው ማን ነው?

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳይ ታሪክ የሚያስተምረውም ከልጁ ይልቅ በልጁ ዙሪያ ስላለው ሰው ነው። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለዩ ድረስም በየመድረኩ ሲናገሩ፣ ዋናው ጥሪያቸው በቤት የተደበቁ ልጆች ይውጡ የሚል ነበር። ጥሪው የቀረበው ለልጆቹ አልነበረም። ለወላጅ፣ ለጎረቤትና ለመንግሥት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠናም በዚህ ረገድ ከኮከብ ሰንጠረዥ የተሻለ መንገድ ይከተላል። ከ2 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ የተዘጋጀው ይህ ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። በኢትዮጵያም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባ ተሞክሯል፤ የሙከራው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። መሠረቱ የዕለት ተዕለት ጨዋታና የቤት ውስጥ ሥራ ነው። አሳዳጊዋ ልጁ የሚስበውን ነገር ተከትላ ትገባለች፤ መልካም ሥራውን አይታ ታመሰግናለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሌሎች እናቶች ጋር ትቀመጣለች፤ ለራሷም ደኅንነት የሚነገራት ነገር አለ። የሥልጠናው ጉድለት ለአካል እንቅስቃሴ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። ቢሆንም እንቅስቃሴን በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ ማስገባት አዲስ የሽልማት ሥርዓት ከመፍጠር ይቀልላል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ በሕዝብ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ የሚያስፈልጋት ማበረታቻ ልጁ ከሚያስፈልገው አያንስም። የሱቁ ባለቤት በር ላይ ወንበር ቢያወጣላት፣ ጎረቤት «ምን ነክቶት ነው?» ከማለት ይልቅ ልጁን በስሙ ሰላም ቢለው፣ የመስጊዱ ኢማምና በአቅራቢያው ያለው የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ካህን ስለነዚህ ልጆች አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ልጁን ከቤት ለማውጣት ያላቸው አቅም ከመቶ ኮከብ ይበልጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህን ቃል ሊያደርሱ የሚችሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

በሽልማት የማንቀሳቀስ ምክር ስሕተት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ማስረጃው የሚደግፈው ለጊዜው የሚሰጥን፣ የሚቀነስበት ቀን የታወቀለትን፣ ልጁ ገና ባልለመደው እንቅስቃሴ ላይ የሚውልን ሽልማት ነው። ማስረጃው የማይደግፈው ማብቂያ የሌለውን የጣፋጭ ክፍያ፣ ሕመምን ወይም አለመቻልን በስንፍና የሚተረጉመውን ሰንጠረዥ፣ ልጁ ቀድሞ በሚወደው ላይ የሚጨመረውን ጉቦ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ «ሸልሙት» ከማለቱ በፊት አምስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባዋል። ልጁ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ድምፅ ወይም ፍርሃት አለ ወይ? የታዘዘለትን እንቅስቃሴ አካሉ ይችለዋል ወይ? በራሱ ፈቃድ የሚያዘወትረው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? የሚወስደው መድኃኒትና ክብደቱ ምን ይመስላል? ይዞት የሚወጣው ሰው ማን ነው፤ እርሱንስ ማን ያግዘዋል? ጥያቄዎቹ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስዱም። ወረፋ በበዛበት ክሊኒክ አሥር ደቂቃ ብዙ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሆኖም እነዚህ ሳይጠየቁ የሚታዘዝ ከረሜላ ምርመራ ሳይደረግ ከሚታዘዝ መድኃኒት አይለይም።

ደጃፉ ላይ ጆሮውን ይዞ የተቀመጠው ልጅ አንድ ቀን እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ደርሶ ቢመለስ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በካርዱ ላይ መመዝገብ ያለበት የተሰጠው የኮከብ ብዛት ሳይሆን የሄደው ርቀት፣ አብሮት የሄደው ሰውና ያለ ሽልማት የሄደበት ቀን ብዛት ነው።